አጥንቱ ገጥሟል፤ መገጣጠሚያውስ? የስብራት ሕክምና ውጤት በጾሬ በምን ይለካ

መግቢያ

ስብራት ደርሶበት ወደ ጤና ተቋም የመጣ ሰው ሕክምናውን ሲፈጽም በካርዱ ላይ በብዛት የሚሰፍረው ፍርድ አጭር ነው፤ «አጥንቱ ገጥሟል» የሚል። ራጁ መግጠሙን ያረጋግጣል፣ ጀሶው ይፈታል፣ ታካሚው ይሰናበታል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ጉርሻ ወደ አፉ ማድረስ፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ፣ ተነሥቶም ያለ ምርኩዝ መሄድ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን ብዙ ጊዜ በካርዱ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም ባዶውን ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ክንዱ ቀጥ ብሎ የቀረ ሕፃንና ጉልበቱ የማይታጠፍ ገበሬ በመዝገብ ላይ «ከዳኑት» ወገን ይቆጠራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ የስብራት ሕክምና ውጤት መለካት ያለበት በአጥንቱ መግጠም ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያው በመለሰው እንቅስቃሴ ነው፤ በቂ የሚባለው የእንቅስቃሴ መጠንም ሊወሰን የሚገባው ታካሚው በሚኖርበት አካባቢ ያለው ኑሮ ከሰውነት በሚጠይቀው ልክ ነው። ለዚህ ክርክር ማሳያ ሆኖ የተመረጠው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው ጾሬ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በጾሬ ኑሮ ከሞላ ጎደል በሰውነት ጉልበት የሚገፋ በመሆኑ፣ የአንድ መገጣጠሚያ ግትር መሆን የቤተሰብን እንጀራ በቀጥታ ይነካል።

ጾሬና ኑሮው

ጾሬ የሚገኘው በአሶሳ ዞን፣ በሆሞሻ ወረዳ ነው። የዞኑና የክልሉ መቀመጫ የሆነችው አሶሳ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2011 መስከረም በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ እንዲሻገር አስገደደ። በአካባቢው ቀድሞ ከነበረው ከሸርቆሌ መጠለያ ሌላ የባምባሲና የቶንጎ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጾሬ መጠለያ ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ቶንጎ በግጭት ሳቢያ ሲወድም፣ ከዚያ ከተፈናቀሉት ስደተኞች ብዙዎቹ ወደ ጾሬ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ስለሆነም ዛሬ ጾሬ ሲባል ከመጠለያው ነዋሪ ጋር በዙሪያው ያለውን፣ በአብዛኛው የበርታ ተወላጅ የሆነውን አስተናጋጅ ማኅበረሰብ አንድ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ።

የአካባቢው ኑሮ ከሰውነት የሚጠይቀውን ለማወቅ አንድን ተራ ቀን መከታተል ይበቃል። ውሃ በጀሪካን ከቦኖ ይቀዳል፤ ማገዶ ከጫካ ይለቀማል፤ ማሽላና በቆሎ በዶማና በመኮትኮቻ ይለማል። በክልሉ ሰፊ ቦታ የሚሸፍነው የቆላ ቀርቀሃ ለቤት፣ ለአጥርና ለገበያ ይቆረጣል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ አሸዋውንም ውሃ ዳር ቁጢጥ ብለው ያጥባሉ። በጉሙዝ ሴቶች ዘንድ ደግሞ በትከሻ ላይ በተጋደመ እንጨት፣ በሁለቱ ጫፍ በተንጠለጠለ ሸክም ረጅም መንገድ መሄድ የተለመደ ነው። መጸዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ቡናው የሚፈላው መሬት ላይ፣ መቀመጫውም ዝቅተኛ በርጩማ ነው። ሰላት የሚሰግደው ሰው በቀን አምስት ጊዜ ይንበረከካል፤ ግንባሩንም መሬት ያስነካል።

አደጋውም ከዚሁ ኑሮ ይመነጫል። አሶሳና አካባቢዋ በማንጎ የታወቁ ናቸው፤ ማንጎ በሚበስልበት ወራት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሕፃን ሊወድቅ ይችላል። የወርቅ ጉድጓድ ይደረመሳል፤ የጭነት መኪናና ሞተር ብስክሌት ይገለበጣል፤ የጥይት ቁስልም ከግጭት ጋር ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አጥንቱ የተሰበረበት ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አጥንቴ ገጠመ ወይ?» የሚል አይሆንም። የሚጠይቀው «ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ ወይ?» ብሎ ነው። የአማርኛ ቋንቋም ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ «ጉልበት» የሚለው ቃል የመገጣጠሚያው ስም ነው፣ የሰው የመሥራት አቅምም ስም ነው።

በእንቅስቃሴ የሚኖር አካል

የአዋቂ ሰው አጽም 206 አጥንቶች አሉት። አጥንት ግን በራሱ አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻ ይስበዋል፣ መገጣጠሚያውም የመንቀሳቀሻ አቅጣጫና ልክ ይሰጠዋል። ክርን በአመዛኙ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ትከሻና ዳሌ በጎድጓዳ ውስጥ እንደተቀመጠ ኳስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራሉ። ጉልበት ይታጠፋል፣ በመጠኑም ይዞራል፤ የጉልበት ሎሚ የምትባለው ትንሽ አጥንትም የጭን ጡንቻ እግርን ቀጥ አድርጎ ለመዘርጋት የሚያወጣውን ኃይል ታግዛለች።

የአጥንቶቹ ጫፍ በመገጣጠሚያው ውስጥ በሚያንሸራትት ልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ውስጡ የሚገባውና የሚወጣው መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ፣ ማለትም ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የታሰረ መገጣጠሚያ እያረፈ ያለ ቢመስልም በውስጡ እየተራበ ነው። በዙሪያው ያለው ከረጢትም ይኮማተራል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በደምና በእብጠት ውስጥ የቆዩት ለስላሳ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ።

በዚህም የተነሣ ስብራቱና ጉዳቱ በአንድ ቦታ ላይ ላይገናኙ ይችላሉ። የጭን አጥንት መካከሉ ላይ ሲሰበር የፊት ለፊቱ የጭን ጡንቻ ከሚጠግነው አጥንት ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ አጥንቱ በሚገባ ገጥሞ ሳለ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል። ከክርን በላይ በሚደርስ ስብራት ደግሞ፣ ክንድ ሲዘረጋ የክርን ጫፍ በሚያርፍበት ጎድጓዳ ውስጥ አዲስ አጥንት ካደገ ክንዱ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱ ይቀራል። ራጅ የሚያሳየው መስመሩ መጥፋቱን ነው። የታካሚውን የነገ ሥራ ግን አያሳይም።

አጥንትን ከእንቅስቃሴ አንጻር ማንበብ ለኢትዮጵያ ሳይንስ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአፋር፣ ሐዳር ላይ ከተገኙት ቅሪቶች መካከል አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ ነበረ። ያ መገጣጠሚያ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ፍጡር በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር መሰከረ፤ በዓመቱ ድንቅነሽ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናትም የድንቅነሽን የክንድ አጥንት ጫፍ መሰባበር መርምሮ ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት እንዳልቀረች ሐሳብ አቀረበ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ስብራቱ ከሞት በኋላ የደረሰ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ወዴትም ያምራ፣ ሳይንቲስቶቹ ለአጥንቱ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለቤቱ እንዴት ይንቀሳቀስ ነበር? በሕይወት ላለ ታካሚ ይህ ጥያቄ በካርዱ ላይ ቦታ ማጣቱ አስገራሚ ነው።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ

በአጥንት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። በእንግሊዝ ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891) የተጎዳ አካል ፍጹምና ረጅም ዕረፍት እንደሚያስፈልገው አስተማረ፤ በስሙ የሚጠራው የእግር መደገፊያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጭን አጥንት ስብራት ይሞቱ የነበሩ ብዙ ወታደሮችን አተረፈ። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ ዡስት ሉካ ሻምፒዮኒዬር (1843–1913) በተቃራኒው ቆሞ፣ ስብራትን በእንቅስቃሴ ማከም እንደሚገባ ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊዘርላንድ የተመሠረተው የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ቡድን (ኤ.ኦ.) ደግሞ አጥንትን በብረት አጥብቆ መያዝ የሚያስፈልገው ታካሚው ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ነው የሚል መርሕ አነገበ። ክርክሩም በአመዛኙ ወደ እንቅስቃሴ አዘነበለ።

በብረት ማሰር ግን ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ተከላ ብረትና ሠልጣኝ ሐኪም ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ባልተሟላበት ቦታ ቶሎ መንቀሳቀስ የማይቻል ይመስላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ልምድ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ፐርኪንስ የጭን አጥንቱ የተሰበረን ሰው በክብደት ብቻ እየሳበ፣ እግሩን ሳያስር፣ የአልጋውን የታችኛውን ግማሽ አውጥቶ ታካሚው ራሱ ጉልበቱን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ያደርግ ነበር። ዘዴው የሚጠይቀው አልጋ፣ ገመድ፣ ክብደት፣ በአጥንት ውስጥ የሚያልፍ አንድ ሽቦና በየዕለቱ «እጠፍ፣ ዘርጋ» የሚል ትጉህ ባለሙያ ነው። አቅማቸው ውስን በሆኑ የአፍሪካ ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ ያገለግላል። ስለዚህ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ መጠበቅ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው የሚለው አስተያየት አያስኬድም። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያንሰው ጉዳዩን እንደ ሕክምና ግብ መቁጠሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሊታለፍ አይገባም። እንቅስቃሴ ሲባል ታካሚው በራሱ ጡንቻ፣ ሕመሙ በሚፈቅድለት ልክ የሚያደርገው ማለት ነው። የተጎዳን ክርን በኃይል ማሸትና ማጣመም በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል፤ እንዲህ ያለው «ሕክምና» ለማፍታታት የታሰበውን መገጣጠሚያ ለዘለቄታው ይቆልፈዋል።

በቂ የሚባለውን ዲግሪ ማን ይወስናል?

እንቅስቃሴን መለካት ያስፈልጋል ከተባለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ያህሉ ይበቃል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የተሠራ ብዙ የተጠቀሰ ጥናት፣ ለዕለት ተዕለት ተግባር የሚያስፈልገው የክርን መታጠፍ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ያለው እንደሆነ አመለከተ። ከተለኩት 15 ተግባራት መካከል በቢላ መቁረጥ፣ በሹካ መብላትና የስልክ እጀታ ወደ ጆሮ ማድረስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ሞባይል ስልክና የኮምፒውተር ሥራን ሲጨምር፣ አንዳንዶቹ ተግባራት ከ130 ዲግሪ የበለጠ መታጠፍ እንደሚጠይቁ አገኘ። የሰው ክርን በእነዚያ 30 ዓመታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። «በቂ» የሚባለው ቁጥር ከኑሮ የሚወሰድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ይኸው ሚዛን በጾሬ ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይጎላል። ሜዳ ላይ ለመራመድ 60 ዲግሪ ያህል የጉልበት መታጠፍ ይበቃል፤ ከወንበር ለመነሣት 90 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ፣ የሚቀመጡበት መጸዳጃ ለሚጠቀም ሰው 110 ዲግሪ የሚታጠፍ ጉልበት ጥሩ ውጤት ነው። ቁጢጥ ለማለትና ለሰላት ለመንበርከክ ግን ከ130 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት «ጥሩ» የተባለ ጉልበት ይዞ ወደ ጾሬ የሚመለስ ሰው መጸዳጃ ሲገባ የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል፤ በመስጊድ ከሰልፉ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የወርቅ አሸዋ ማጠቢያውንም ለሌላ ይተዋል። ተመሳሳዩ ነገር በክርንና በትከሻ ላይ ይታያል። በእጅ የሚበላ ሰው ክርኑ እጁን እስከ አፉ ሊያደርስለት ይገባል፤ ሸክም በራሷ ላይ የምታስቀምጥ ሴት ትከሻዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ካልተነሣ ጀሪካኑን ማስተካከል አትችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የአካል ተግባርና የጉዳት አመዳደብ ሥርዓት ጤናን በአካል ክፍሉ ሁኔታ ብቻ መግለጽ እንደማይበቃ፣ ሰውዬው የሚፈጽመው ተግባርና በማኅበራዊ ሕይወት ያለው ተሳትፎም አብሮ መታየት እንዳለበት ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው «ተሐድሶ 2030» የተሰኘው የድርጅቱ ጥሪም የተሐድሶ አገልግሎት ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ጀምሮ እንዲሰጥ ያሳስባል። መርሑ እንግዲህ አለ። የቀረው በየአካባቢው ኑሮ ልክ ሰፍቶ ማልበስ ነው።

ወጌሻውና ጤና ጣቢያው

በጾሬ ስለ ስብራት ሲነሣ ወጌሻውን ወደ ጎን ማድረግ አይቻልም። የበርታው ገበሬ ወጌሻ አለው፤ ከሱዳን የመጣው ስደተኛም በአገሩ «ባሲር» ብሎ የሚጠራውን የአጥንት ጠጋኝ ያውቃል። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ቋንቋ ያውቃል፤ ክፍያው ይቻላል፤ «እግርህ ይቆረጣል» ብሎም አያስፈራራም። ወለምታና ቀላል ስብራት በእጁ ሲድን ኖሯል። ይህን መካድ ለሳይንስ አይጠቅምም።

ጉዳቱም እንዲሁ መካድ የለበትም። በኢትዮጵያ ወጌሾች ዘንድ በስፋት የተለመደው አስተሳሰር የቀርቀሃ ወይም የእንጨት ስንጥር በስብራቱ ዙሪያ ደርድሮ በጨርቅ ወይም በገመድ ማጥበቅ ነው። አካሉ እያበጠ ሲሄድ ማሰሪያው አይሰፋም፤ በውስጡ ያለው ግፊት የደም ዝውውርን ይዘጋል። ጡንቻ ያለ ደም ለስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የሚደርስበት ጉዳት አይመለስም። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው የእጅ መኮማተር ከዚሁ የሚመጣ ሲሆን፣ ሲከፋም ጋንግሪን ተከትሎ እጅ ወይም እግር ይቆረጣል። ከክርኑ በላይ የተሰበረ ሕፃን ለዚህ አደጋ በተለይ የተጋለጠ ነው። ይሁንና ጠባብ ጀሶም ይህንኑ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም፤ ጠላቱ ማጥበቅ ነው፣ የሚያጠብቀው ቀርቀሃም ይሁን ጀሶ።

መፍትሔው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የሚያሳይ የአገር ውስጥ ማስረጃ አለ። ዶ/ር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና በጋንግሪን ሳቢያ የሚደረገውን የእጅና የእግር መቁረጥ በጉልህ እንደቀነሰው አሳይተዋል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ታካሚውን መላክ የሚለውን ትምህርት ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

«ለወጌሻ ሥልጠና መስጠት ሕጋዊ ሽፋን መስጠት ነው» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ተቃውሞው ከልብ የመነጨ ነው፤ የተቆረጠ ሕፃን እጅ ያየ ሐኪም እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ወጌሻው ዕውቅና ባይሰጠውም ሥራውን ይቀጥላል፤ ያልሠለጠነ ሆኖ መቀጠሉ ብቻ ነው ልዩነቱ። የሙያው ታሪክም አንድ ነገር ያስታውሳል። ከላይ የተጠቀሰው ሂዩ ኦወን ቶማስ የዌልስ ወጌሾች ልጅ ነበር፤ አባቱ ኢቫን ቶማስ የሐኪም ዲግሪ ሳይኖረው በሊቨርፑል አጥንት ሲጠግን ኖሮ አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። የዘመናዊው አጥንት ሕክምና አንዱ ሥር ከወጌሻ ቤት የበቀለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰው ኃይልን ይመለከታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት አገር በጾሬ መገጣጠሚያ ይለካ ማለት ምኞት ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የመገጣጠሚያ መለኪያ ከሁለት የፕላስቲክ ክንዶች የተሠራ ርካሽ መሣሪያ ነው፤ አጠቃቀሙን አንድ ነርስ በጥቂት ቀናት ትለምዳለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ ለብዙ ዓመት ሥልጠና ብቻ የተተወ ይመስል የነበረው ሥራ ተከፋፍሎና ቀሎ በየቀበሌው ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ስደተኞች የአገሪቱን የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መኖሩም ለመጠለያውና ለወረዳው አንድ ዓይነት አሠራር ለመዘርጋት በር ይከፍታል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ያመራሉ።

የመጀመሪያው፣ ስብራት የደረሰበት ታካሚ ሲሰናበትና ከዚያም በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር በአምስት የአካባቢው እንቅስቃሴዎች እንዲመዘን ነው፤ እነርሱም ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ እጅን ወደ አፍና ወደ ማጅራት ማድረስ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንሥቶ መሄድ፣ እንዲሁም ዶማ ወይም መጥረቢያ ጨብጦ መሰንዘር ናቸው። እያንዳንዱ «ይችላል»፣ «በችግር ይችላል»፣ «አይችልም» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ራጅም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በካርዱ ላይ አምስት መስመር ይበቃዋል። በእርግጥ ሕፃን ዶማ አይሰነዝርም፤ ለሕፃናት በእርሱ ፈንታ መሮጥና ኳስ መወርወርን መተካት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ታካሚው ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ያልታሰሩትን መገጣጠሚያዎች እንዲያንቀሳቅስ፣ ከተፈታ በኋላም ምን እንደሚሠራ በሚገባው ቋንቋ፣ ከተቻለም በሥዕል የሚነገረው መመሪያ እንዲዘጋጅ ነው። ጀሶ የታሰረ ሰው ጣቶቹን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ አለመንገር ጀሶውን ግማሽ ሕክምና ያደርገዋል። መመሪያው በአማርኛ ብቻ ከቀረ ደግሞ ለበርታውና ለሱዳናዊው ስደተኛ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ወጌሻው በጤና ጣቢያው የመላኪያ ሰንሰለት ውስጥ እንዲታወቅ ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ፣ ከክርን በላይ የተሰበረ ሕፃን፣ የጭን አጥንት ስብራት፣ ጣቱ የቀዘቀዘ፤ እነዚህን አራቱን ሳይነካ የሚልክ፣ ለሚልከውም ምስጋና እንጂ ተግሣጽ የማይጠብቀው ወጌሻ ሊኖር ይገባል። ተመላሽ መልእክትም ያስፈልጋል፤ የላከው ሕፃን እንዴት እንደሆነ የማይነገረው ሰው ሁለተኛ አይልክም።

በእነዚህ ሐሳቦች ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ገና ያልታረሰ ሰፊ መሬት አለ። አምስቱ እንቅስቃሴዎች በእውነት የታካሚውን ወደ ሥራ መመለስ ያመለክታሉ ወይ? ሁለት መዛኞች አንድን ታካሚ ሲመዝኑ ይስማማሉ ወይ? በጭን ላይ ሁለት ጀሪካን የማንሣት አቅም ያላት ሴትና ወርቅ የሚያጥብ ወጣት አንድ ዓይነት ጉልበት ይበቃቸዋል ወይ? ለወጌሻ የተሰጠ ሥልጠና ውጤቱ ከስንት ወር በኋላ ይደክማል? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የመለኪያ መሣሪያ፣ መዝገብና ታካሚውን ከስድስት ወር በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ተመራማሪ ነው። ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለሚነሣ ተመራማሪ ደግሞ ጾሬ ሩቅ አይደለም።

አጥንት በአብዛኛው በራሱ ይገጥማል፤ የሕፃን ክንድ በጥቂት ሳምንታት፣ የአዋቂ ጭን በወራት። ተፈጥሮ ለሐኪሙም ለወጌሻውም የሰጠችው ትልቁ እገዛ ይህ ነው። መገጣጠሚያ ግን ካልታሰበለት ይቆለፋል፤ የሕክምናው ድርሻም በዋናነት እዚያ ላይ ነው። ተፈጥሮ የሠራችውን ቆጥሮ ውጤት ማለት ቀላል ነው። ሕክምናው የራሱን ድርሻ መቁጠር የሚጀምረው የታካሚው ካርድ ሲዘጋ «ገጥሟል» ከሚለው ቃል በታች «ቁጢጥ ይላል፤ ይሸከማል፤ ይሰግዳል» ወይም «አይችልም» የሚል በግልጽ ሲጻፍበት ነው።